የጋሽ ኤርሲዶ የግራ እጅ ጓንት

ዕቃውን የሚንከባከብ ሰው አይታችሁ ጠርጥራችሁት ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን፣ በደርግ ጊዜ፣ በእኛ በሆሳዕና የማይጠረጠር ነገር አልነበረም። ጫማውን አዘውትሮ የሚወለውል ሰው «ከማን ጋር ሊገናኝ ነው?» ይባላል፤ የማይወለውለው ደግሞ «አንድ ያሰበው ነገር ቢኖር ነው እንዲህ ራሱን የጣለው» ይባላል። ብዙ የሚያወራ ሰው ሌላውን አናግሮ ሊያስይዝ ነው፤ ዝም ያለው የደበቀው አለ። እኔ ራሴ በደረት ኪሴ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቼ በመታየቴ «ሁለተኛው የማን ነው?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ቀልዴን እንዳይመስላችሁ። ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ውስጥ ነው ጋሽ ኤርሲዶ ነጭ ጓንት አጥልቆ ብቅ ያለው። አንድ ጓንት። የግራ እጅ ብቻ።

ጋሽ ኤርሲዶ ባለጋሪ ነበር። ትውልዱ ከከተማው ወጣ ብሎ ሌሞ ነው፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ገበያው ድረስ ሰውም እህልም ያመላልሳል፤ አምስት ልጆችና አንድ ፈረስ በዚያች ጋሪ ይተዳደራሉ። አማርኛን የተማረው ከተሳፋሪ ስለሆነ ሲናገር ግማሹ የነጋዴ፣ ግማሹ የካድሬ ነው። ዋጋ ሲከራከር እንኳ «ጉዳዩን ከሰፊው ሕዝብ ጥቅም አንጻር እንየው» ይላችኋል። እንግዲህ ምን ትሉታላችሁ? ትከፍላላችሁ።

ጓንቱን የሰጠው የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ሻንጣውን ያደረሰለት ጋሽ ኤርሲዶ ነበርና በስንብቱ ሰዓት አውጥቶ ሰጠው። የጎልፍ ጓንት ነው። ጎልፍ ማለት፣ ጋሽ ኤርሲዶ ከፈረንጁ እንደተረዳውና ለእኛም እንዳስረዳን፣ አንዲት ትንሽ ኳስ በዱላ ዓይን እስከሚደርስበት መምታት፣ ከዚያ በእግር ሄዶ መፈለግ፣ ሲያገኙ ደግሞ እንደገና መምታት ነው። «አግኝቷት ካበቃ ምን አድርጋው ነው እንደገና የሚመታት?» ብሎ የጠየቀ ነበር። ጨዋታው የሚጠይቀው ጓንትም አንድ ብቻ ነው መባሉን ማንም አላመነም። ሁለት እጅ ያለው ሰው፣ ያውም ፈረንጅ፣ እንዴት አንድ ጓንት ይገዛል?

ይባስ ብሎ አያያዙ! እናንተዬ፣ ጋሽ ኤርሲዶ ጓንቱን በያዘበት አያያዝ ሙሽራም አልተያዘች። በሳሙና አያጥበውም፤ ቆዳው ይደርቃል። በእርጥብ ጨርቅ ዳበስ ያደርገዋል እንጂ። ፀሐይ ላይ አያሰጣውም፣ እሳት አያስጠጋውም፤ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ጣቶቹን አቃንቶ ይዘረጋዋል። ባለቤቱ አንድ ቀን አዝና ለጋ ቅቤ ልትቀባው ስትል ጩኸቱ እስከ ጎረቤት ተሰማ፤ ቅቤ ሲነካው ይለሰልስና ይቀደዳላ! ኪሱ ውስጥ አይጠቀጥቀውም። ሲያወልቅም አይመነጭቀውም፤ መጀመሪያ የእጅ አንጓው ላይ ያለውን ማጣበቂያ «ጨርርር» አድርጎ ይከፍትና ከትንሿ ጣት ጀምሮ አንድ በአንድ ሳብ ሳብ እያደረገ ያወጣዋል። ከዚያ በመሠረተ ትምህርት ደብተሩ ገጾች መሀል ዘርግቶ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ይጭንበታል።

ይኼ ሁሉ ለአንድ ጓንት? እኔም እንደ ሰዉ ነገሩ አልጣመኝም። «ጨርርር» የሚለውን ድምፅ የሬዲዮ መገናኛ ነው ያሉ ነበሩ። ደብተሩ ውስጥ የሚያስቀምጠውም ጽሑፍ ስላለበት ነው ተባለ። ከሁሉ የባሰው ጥያቄ ግን የቀኙ ጓንት ጉዳይ ነበር። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ጓድ ሽፈራው ነገሩን እንዲህ ቋጨው፦ የቀኙን ያጠለቀ ሌላ ሰው አንድ ቦታ አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ በጓንታቸው ይተዋወቃሉ። በዚያ ሰሞን ቀኝ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን ሲታይ ከረመ። ብርድ ነበር፤ ብዙ ሰው ተጠረጠረ።

ነገሩ የፈነዳው በሰልፍ ቀን ነው። ያኔ መፈክር ሲሰማ ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ ይወጣል። ሁላችንም ጨብጠን አወጣን። ከዚያ ሁሉ ቡጢ መሀል አንድ ነጭ እጅ፣ አምስቱም ጣቶቹ ተዘርግተው፣ ከፍ ብሎ ታየ። እኛ «ይውደም!» እያልን፣ የጋሽ ኤርሲዶ እጅ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላል። ጓድ ሽፈራው ከመድረኩ ሥር ሆኖ አየው። አንድ ጊዜ ቢሆን ይታለፍ ነበር፤ ሦስቱም መፈክር ላይ አልጨበጠም።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራ። ክፍሉ ውስጥ ሊቀመንበሩ፣ ጓድ ሽፈራውና እኔ ነበርን። እኔ መምህር ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ አማረ ተብዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ተጭኖብኝ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም።

«እጅህን ለምን ዘረጋህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጓንቱ እንዳይጎዳ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሲጨበጥ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል።»

«አውልቀህ አትጨብጥም ነበር?» አለ ጓድ ሽፈራው ብድግ ብሎ። «ለአብዮቱ ሲሆን ጓንትህ አሳዘነህ! የቀኙስ? የቀኙ ማን ዘንድ ነው?»

«የቀኝ የለውም ጓዴ። ሲፈጠርም አልነበረው።»

ጓድ ሽፈራው የጋሪው ታርጋ ዛሬውኑ ይነጠቅ፣ ሰውየውም ወደ በላይ ይተላለፍ አለ። ወደ በላይ የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም ነበር። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰብ አድርጎ ጓድ ሽፈራውን ውጪ የቆመውን ጋሪ እንዲፈትሽ ላከውና «በል አውልቅ» አለ።

«ጨርርር» አለ ጓንቱ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሳባቸው። በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንኳ አልመነጨቀውም።

መዳፉን አየነው። ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ወፍራም ጠባሳ አለበት። ጓንቱን ከማግኘቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ፈረሱ ደንብሮበት፣ እጁ ላይ የተጠመጠመው ዛብ፣ የልጓሙ ገመድ፣ ጅማቱን በጥሶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ጣቶች አይታጠፉም። ዛቡን የሚይዝለት ጓንቱ ነው፤ ቆዳው ገመዱን ስለሚነክስ አያንሸራትተውም። ያ ጓንት የተቀደደ ቀን ጋሪ መንዳት አበቃ። እጁ እንደማይጨብጥ ማዘጋጃ ቤት ካወቀ ደግሞ ታርጋው ይነጠቃል፤ እንዲህ ያለ እጅ ይዞ ሰው መጫን ክልክል ነዋ። ምስኪን! «መጨበጥ አልችልም» ቢል እንጀራው፣ «አልፈልግም» ቢል ነፍሱ። ስለዚህ ጓንቱን አመካኘ።

«አምስት ናቸው» አለ ብቻ፣ በቀኝ እጁ የልጆቹን ቁመት በየተራ እያሳየ። ያን ሁሉ ሰሞን ስጠረጥረው ከርሜ አይደል?

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ከመዳፉ ላይ ነቅሎ ወደ እኔ ዞረና «ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። «ጓድ ኤርሲዶ እጁን ያልጨበጠው ንብረቱን ከብልሽት ለመጠበቅ ሲል መሆኑ ተረጋግጧል። ከእንግዲህ በሰልፍ ቀን ከአደባባዩ ጀርባ የእንግዶችን ፈረስና በቅሎ እንዲጠብቅ ተመድቧል።» በቃ። ዛብ የያዘ ሰው ደግሞ እጅ አያወጣም። ይኼን ያህል ብልህ ሰው ወንበሩ ላይ እንዳለን አላውቅም ነበር። ምን አስቦ እንዳደረገው ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ጓድ ሽፈራው ከጋሪው አንድ ነዶ ሣር ብቻ አግኝቶ ሲመለስ ታርጋው ይነጠቅ ያለበት ሰው ሹመት አግኝቶ ጠበቀው። ምን ይበል? ጠላት ካልሆነ የበላዮቹ የራሳቸው ሰው ነው አለ፤ ጆሮ ጠቢ። ወሬው ጀምበር ሳትጠልቅ ገበያ ደረሰ። ጓንቱም ከበላይ አካል የተሰጠ ምልክት ሆኖ አረፈው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ኤርሲዶ በጋሪው የሚሳፈር ሰው አላጣም፤ እንዲያውም እንዳይቀየም ብለው ሳይከራከሩ ይከፍሉታል። የሚያጫውተው ግን አጣ። ሲስቁ የመጡ ሴቶች ጋሪው ላይ ሲወጡ አፋቸውን ይይዛሉ። ከቦኖሻ የሚመጡ ነጋዴዎች ስለ በርበሬ ዋጋ እንኳ ማውራት ተዉ። እውነቱን መናገር የምችለው እኔ ነበርኩ፤ ብናገር ታርጋው ይሄዳል፤ ዝም ብል ስሙ ይጠፋል። ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ብቻዬን አሳፈረኝ። ጥቂት እንደሄድን ዞር ሳይል «መምህሬ፣ ሰው ሁሉ ጠላኝ» አለ። «አንተ ደህና አድርገህ ታውቀኛለህ። አንተስ ምነው ዝም አልከኝ?»

አፌን ከፈትኩ። ያንን መዳፍ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቃለ ጉባኤውንም በእጄ ጽፌዋለሁ። ግን እኮ ሊቀመንበሩ በነፃ የሚራራ ሰው አይደለም። ያን ቀን እኔ ከቀበሌ ከወጣሁ በኋላስ፣ እሱና ጋሽ ኤርሲዶ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ውለታዬን በተሳፋሪ ወሬ መልስልኝ ብሎት ይሆን?

«ጉሮሮዬን አሞኝ ነው» አልኩት።

ጉሮሮዬ ምንም አልሆነም ነበር።