የሽመና ክፍል ቋንቋ በፌስቡክ

ሰው ባረጀ ቁጥር የሚንቀው ነገር ይበዛል። መናቅ ደግሞ ጉልበት አይጠይቅም፤ ተቀምጦም ይቻላል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋና ሥራዬ ፌስቡክን መናቅ ነበር። «ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ» የሚለውን ተረት አባቶቻችን ለዚሁ ቀን ብለው ያስቀመጡት ይመስለኝ ነበር። ልጄ ሕይወት ስልኬ ላይ ስትጭንልኝ እንኳ «ከማን ጋር ላወራበት ነው?» ብዬ ተቆጥቻታለሁ። እሷም ጭናልኝ ሄደች።

የፋብሪካ ሽመና ክፍል ገብታችሁ ካላወቃችሁ ትንሽ ላስረዳችሁ። እኔና ተሾመ እዚሁ አቃቂ ጎን ለጎን ቆመን ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቅ ሸምነናል። ማሽኖቹ ከተነሱ እንኳን የሰው ድምፅ ነጎድጓድም አይሰማ። ስለዚህ ሠራተኛው የሚያወራው በከንፈሩና በእጁ ነው፤ ድምፅ ሳያወጣ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ጣቱን ይጨምርበታል፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ባልደረባው ይመልስለታል። እኛ እንዲህ አድርገን አለቃ አምተናል፣ ሚስት መርጠናል፣ ልጅ ሲወለድ ተበሳስረናል። ማሽኑ በኋላ ጆሯችንን ወሰደው፤ የእኔን በከፊል፣ የተሾመን ሙጥጥ አድርጎ። ልጁ ሰናይት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ይዛው ስትሄድ፣ ለማይሰማ ሰው ስልክ አይደወል ነገር፣ እኔም ጉልበቴን ሰበብ አድርጌ ቀረሁ። በዓል በመጣ ቁጥር «እሄዳለሁ» እያልኩ ሦስት ፋሲካ አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሕይወት ስልኬን አቀበለችኝና «አባዬ፣ እኚህ ጋሽ ተሾመ አይደሉም?» አለችኝ። ሰናይት የለጠፈችው ቪዲዮ ነው። ተሾመ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ድምፅ የሌለው አፉን እያንቀሳቀሰ፣ እጁን አየር ላይ ያወናጭፋል። ከሥሩ «አባቴ ራሱን ስቷል፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሰኞ ራቅ ወዳለ ጸበል ወስደን ልናስቀምጠው ነው፣ በጸሎት አስቡን» ይላል። ሰዉም ተደርድሮ «እግዚአብሔር ይማረው» እያለ ጽፎለታል።

ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። እብደት የሚባል ነገር የለም። «ወገቤን አሞኛል፤ ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ» ነው የሚለው። አንድም ምልክት አልሳተም። የገዛ ድምፁን ስለማይሰማው መናገሩን ትቶ ወደ ድሮው አነጋገራችን ተመለሰ እንጂ ልቡ ደህና ነው። በጸበል አምናለሁ፤ ግን ወገቡን ያመመው ሰው አብዷል ተብሎ ብቻውን ሰው አገር ሊቀመጥ ነው። አለቀስኩ። ከዚያ ጉልበቴን ረስቼ፣ ታክሲ ቀያይሬ ኮዬ ፈጬ ደረስኩ።

ተሾመ ገና ሲያየኝ ከንፈሩ «ምነው ቆየህ?» አለ። እኔም በእጄ መለስኩለት፤ እሱ ቀጠለ፣ እኔ ቀጠልኩ። ሰናይት ስልኳን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሁለታችንንም በስጋት ታየናለች። ሁለተኛ በሽተኛ የመጣባት ሳይመስላት አልቀረም።

«ልጄ፣ አባትሽ አላበደም» አልኳት። «በፋብሪካ ቋንቋችን እያወራ ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እኔ ሳናግረው ለምን አይመልስልኝም?»

ጥያቄዋን በእጄ አደረስኩለት። ተሾመ ወደ ስልኳ ጠቆመ፣ አንገቱን ደፍቶ አሳየ፣ ከንፈሩን ነካ።

«ምን አለ?» አለች።

ልዋሽላት አስቤ ነበር። ያ ስልክ ባይኖር ተሾመን አላገኘውም ነበር፤ ዛሬ ፌስቡክን በክፉ የሚያነሳ ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የምጣላው እኔ ነኝ። ግን ተናጋሪው እሱ ነው፣ እኔ አስተርጓሚ ብቻ ነኝ።

«‹የምታወራኝ ስልኳ ላይ አጎንብሳ ነው፤ ከንፈሯን ካላየሁ በምን እሰማታለሁ?› ነው የሚለው» አልኳት።

ሰናይት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው። ፊት ለፊቱ ተንበረከከችና ቀስ ብላ «አባዬ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» አለችው።

ተሾመ ከንፈሯን አየ። ከዚያ እጇን ይዞ ወገቡ ላይ አደረገና፣ ድምፁን አውጥቶ «እዚህ ጋ» አላት።