አንድ ብሎን ለአራት ሰው

ሞተር የሚፈታ ሰው ሁሉ ሞተር እየጠገነ አይምሰላችሁ። አንዱ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ጋራዥ የሚገባበት ሰበብ ፈልጎ ነው። ሌላው ለሜካኒክ አልገብርም ብሎ ነው፤ ይህኛው መጨረሻ ላይ ለሜካኒክም ለሐኪምም ይገብራል። እንደኔ ያለው ደግሞ ድሮ የተነገረበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠግናል። ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው፤ ለዓረፍተ ነገር መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ የለም። ፈልጌ ነው የምላችሁ።

የኔ ዓረፍተ ነገር «ጭንቅላቱ ጥሩ ነው፤ እጁ ግን አልተፈታም» የምትለዋ ናት። የተናገሯት ዩኒቨርሲቲ ሳለን የሜካኒካል ምህንድስና ክፍል ኃላፊያችን የነበሩት ሰው ናቸው። በውጤት ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። ረዳት መምህር ሆኜ ለመቅረት የሚጎድለኝ የወርክሾፕ ፈተና ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው የተፈተነው። የኔ ጥንድ ሳምሶን የሚባል ልጅ ነበር። ሞተሩን እኔ ገጣጠምኩ፤ የመጨረሻዋን ብሎን እሱ አጠበቀ። አጠበቀ ስላችሁ፣ የሆነ ሰው እያነቀ ነበር የሚመስለው። ጥርሷ ተበላ፤ ሞተሩም ዘይቱን ወለሉ ላይ ዘረገፈው። ኃላፊው መጡና «ይህችን ያጠበቀ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሳምሶን ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እኔ እሱን አየሁ፤ እሱ ጣሪያውን አየ፤ ኃላፊው እኔን አዩኝ። ጓደኛ አሳልፎ መስጠት ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። ሳምሶን መምህር ሆኖ ቀረ፤ እኔ ዲቪ ሞላሁ።

ከዚያ ወዲህ ያ ጣሪያ ከዓይኔ አልጠፋም። ምን ነበረበት? የርግብ ጎጆ? የተሰነጠቀ ቆርቆሮ? አንድ ሰው የጓደኛውን ዕድሜ ልክ እንጀራ ከእጁ እያስጣለ እንዲህ ተመስጦ የሚያየው ምን ዓይነት ጣሪያ ነው?

እዚህ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ሥራዬን ለሚጠይቀኝ «በከባድ ማሽነሪ ዘርፍ ነኝ» እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። የምፈታውን ሞተር ሳይክል ያገኘሁት ኒር ኢስት ሳይድ ከሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ጡረተኛ ጓሮ ነው። በሸራ ተሸፍኖ ነበር፤ ሸራውን ሲገልጠው ለምን እንደሸፈነው ገባኝ። ዊንተሩን ሙሉ ፈታትቼ ጋራዥ ውስጥ ካርቶን ላይ ዘረጋሁት። ባለቤቴ ሰናይት መኪናዋን ውጭ እያሳደረች በየጠዋቱ ከመስታወቱ ላይ በረዶ ትፍቃለች። እየፋቀች የምትለውን እዚህ አልጽፈውም። ልጃችን ናርዶስ ብቅ እያለች «ዳድ፣ ጀስት ቴክ ኢት ቱ ኤ ሜካኒክ» ትለኛለች። ዲግሪ አለኝ ብላት፣ «ኢን ሞተርሳይክልስ?» አለችኝ። ከዚያ በላይ ነው ብዬ ሸኘኋት።

ደግሞስ ብሎን ስለማጥበቅ ለኔ ማን ይነግረኛል? ቶርክ ሬንች የሚሉት፣ ማጥበቁ ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ የሚናገር መፍቻ አለኝ። ቀጭ ካለ እጅን መሰብሰብ ነው። የሞተሩ ሆድ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ ጉልበተኛ አይወድም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቅ ግን ምን ይሠራል?

ስፕሪንግ ሲገባ ሳምሶን ደወለ። አሁን ዶክተር ሳምሶን ነው። ለስብሰባ ኮሎምበስ መጥቶ ኢስተን የሚባለው ሰፈር ሆቴል ይዟል። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም! ያ ሞተር እሱ ፊት ሲነሣ ወዲያው ታየኝ። እሑድ ምሳ ቤቴ ጠራሁት። ሁለት ሰው ጨመርኩበት፤ የጭነት መኪና የሚነዱትን ጎረቤታችንን ጋሽ ከድርን እና መጋዘን አብሮኝ የሚሠራውን ሙሉጌታን። ለምሳ አልነበረም፤ ለምስክርነት ነው።

ከምሳ በኋላ ድንገት ትዝ እንዳለኝ ሆኜ ጋራዡን ከፈትኩላቸው። ሞተሩ ሥር ያለችውን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን በነሱ ፊት ላጠብቃት ብዬ ትቻት ነበር። ተንበርክኬ አጠበቅኳት። መፍቻው ቀጭ አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ጋሽ ከድር ግን «እንዴ! ይህችማ ምኑን ጠበቀች? እስቲ አምጣው» አሉ። የአባቴ ታናሽ የሚሆኑ ሰው እጃቸውን ዘርግተው መፍቻ ሲጠይቁ «ጋሼ፣ አይቻልም» ብሎ የሚመልስ ሰው ከየት ይመጣል? ደግሞ የሚናገረውን መፍቻ ንቀው ተራውን አነሡ። ብረት ሰውን አቁም ሲል አይተው አያውቁማ። «ቢስሚላህ» ብለው ደገፍ አሉባት። ሙሉጌታ ከሽማግሌ አንሶ ላለመታየት «ለኔም አንዴ» አለና ተጫናት። እኛ እኮ እንግዳ «ጠገብኩ» ሲል የማናምን ሰዎች ነን፤ ብሎን «ጠበቅኩ» ብትል ማን ይሰማታል? ጉርሻ ሆነችላችሁ። በመጨረሻም ዶክተሩ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ «በሞቴ! እኔም አንዴ ላጥብቅልህ» አለ። በሞቴ ያለን እንግዳ ምን ይሉታል? መፍቻውን በሁለት እጄ አቀበልኩት። ያው እንደ ድሮው አነቃት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ብሎኗ በቦታዋ ነበረች።

ሞተሩን አስነሣሁት። በመጀመሪያው ነው የተነሣው! ሰናይት ራሷ በር ላይ ቆማ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ መኪናዋ ወደ ቤት ሊገባ ነዋ። ሳምሶን ትከሻዬን ይዞ «እጅህ ይባረክ» አለኝ። እጅህ ነው ያለው! ሰምታችኋል? በማግስቱ ጠዋት በሞተር ሳይክሉ ሆቴሉ ድረስ ሄጄ ቁርስ ልጋብዘው ተስማምተን፣ ጋሽ ከድር በመኪናቸው ሸኙት።

ያንን ቀን እዚያው ጋ አጥፌ ባስቀምጠው ምን ነበረበት? ሁሉም ሲሄዱ ጋራዡን ልዘጋ ተመለስኩ። ብሎኗን አየኋት። ለካ ሞተሬ ላይ ያረፈው የመጨረሻው እጅ የሳምሶን ነው! ነገ ሞተሩ አምሮበት ቢሄድ እሱ ያጠበቀው ሊባል ነው። ዊንተሩን ሙሉ ጉልበቴ ሲሚንቶ ላይ እየቀዘቀዘ የገጣጠምኩት እኔ፣ መዝጊያው ግን እሱ። ይህን ታግሼ እንዴት እራቴን እበላለሁ? ተራውን መፍቻ አነሣሁ። አንዴ ብቻ፤ ትንሽ። መጀመሪያ እምቢ አለችኝ። ቀጥሎ እሺ አለች፤ ቅቤ ውስጥ የገባች ያህል ለስልሳ ዞረች። ብሎን እሺ ስትል የቀዳዳው ጥርስ ተበልቷል ማለት ነው። ይህ የማያውቅ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው እንዳልል፣ እኔ ይህንኑ በተማርኩበት ትምህርት ያገኘሁት ኤ ነው። ዙሪያዋን በጨርቅ ወለወልኩና «ቦታዋን ያዘች» ብዬ ለራሴ ነግሬ በሩን ዘጋሁ።

በማግስቱ 270 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ የኢስተን መውጫ ሳይደርስ ብሎኗ ወደቀች። ዘይቱ የኋላ ጎማዬ ላይ ፈሰሰ፤ ሞተር ሳይክሉም እኔን ሳያማክር ወደ ቀኝ ወጣ። ከኋላዬ የነበረው ትልቅ መኪና ጡሩንባውን እያምባረቀ አጠገቤ አለፈ። ሳሩ ላይ ተጋደምን፤ እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ። እኔ በተላጠ ክንድ ተረፍኩ። ሞተሩ ግን ያለ ዘይት ትንሽ ዞሮ፣ አንድ ክፉ ድምፅ አሰማና ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ያን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። ሳሩ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ናርዶስን ነው። አባትሽ በምን ሞተ ብትባል፣ በጣሪያ ምክንያት ልትል ነበር።

ለሳምሶን ደውዬ ሞተሩ ትንሽ አስቸገረኝ አልኩት። እሱም የዚያኑ ቀን በረረ። የሞተር ሳይክሉን ሬሳ ያነሡልን ጋሽ ከድር ናቸው። ጋራዡ ደርሰን ተንበረከኩና በስልካቸው መብራት ቀዳዳውን አዩት። «ጥርሱን ጨርሶታል። ይህማ የዶክተሩ እጅ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያጠበቀው እሱ አይደል?» አሉ። ሊጠይቀኝ የመጣው ሙሉጌታም ያኔውኑ ታውቆኝ ነበር አለ። መቼም በኛ ሰው ሳይታወቀው የሚቀር ነገር የለም። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። እኔ ክንዴን እያየሁ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ሳምሶን ከአዲስ አበባ ኮል አደረገልኝ። ሙሉጌታ ነግሮታል። ድምፁ ልክ አልነበረም። «ስማኝ ወንድሜ፣ እንቅልፍ የለኝም። ልጅህን ያለ አባት ላስቀርልህ ነበር። ድሮም እጄ ከባድ ነው፤ አንተ ታውቃለህ። በእግዚአብሔር ይቅር በለኝ» አለኝ።

አያችሁ? ስንት ዓመት ሙሉ፣ ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጬ፣ ይህንን ይቅርታ በሱ ድምፅ ስሰማው ኖሬያለሁ። «ድሮም» የምትለዋን ቃል እንኳ አልረሳትም። መጣልኝ። ሰውየው ከበደለኝ ሁሉ መርጦ ያልበደለኝን ይዞ መጣ። «መጨረሻ ያጠበቅኳት እኔ ነኝ» ብዬ ብነግረው፣ ይቅርታውን ይዞ ይመለሳል፤ የክፍል ኃላፊውም ዓረፍተ ነገር ትክክል ነበረች ማለት ነው። እውነቷ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር፤ እመኑኝ።

«አለህ? ይቅር አልከኝ?» አለ።

ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀና አልኩ። ለካ ጣሪያ ላይ ምንም የለም። ዓይን ለማሳረፍ ግን ከሱ የሚሻል ቦታ አላየሁም።