ስምንት ሰዓት በማን አቆጣጠር?

አስተማሪ ማለት ዓለም እሱን ሳያስፈቅድ ስትራመድ የሚከፋው ፍጡር ነው። እኔም አንዱ ነኝ፤ ድሬዳዋ ያደግሁ፣ ሀርጌሳ ኮምፒውተር የማስተምር። ዘንድሮ ቀጣሪዎች «ኤአይ የሚችል ተመራቂ አምጡ» ብለው አላስቀምጥ ስላሉን የካሪኩለም ክለሳ ውስጥ ገብተናል። የቱን ኤአይ? ብንላቸው፣ እነሱም አያውቁትም፣ እኛም አናውቀውም፤ ስብሰባው ግን፣ አልሃምዱሊላህ፣ ሻይና ሳምቡሳ ነበረው።

ክለሳውን ፈር ያስያዘችልን ተማሪዬ ሳህራ ናት። 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ፎቅ በሚሠራ ድርጅት ለአንድ ወር ሙከራ ገባች፤ ከወደዷት ይቀጥሯታል፣ ካልወደዷት ከቤተሰቧ ሥራ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው የመሆን ተስፋዋ አበቃ። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሐበሾች ናቸው፤ እሷ ደግሞ አማርኛ አታውቅም። ታዲያ ምን ቸገራት? ኤአይ አለላት። የፎቁ ወለል፣ ሶሌታው፣ በኮንክሪት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው አለቃዋ «ነገ ሁሉም በስምንት ይገኙ» ሲላት፣ በደቂቃ አስተርጉማ ለጠፈችው። «የተከበራችሁ ሠራተኞች፣ ነገ በ8 ሰዓት በሥራ ቦታ እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን።» እኔ ራሴ እንዲህ አሳምሬ አልጽፍም።

እናንተማ ገብቷችሁ ሳቃችሁ። የሀርጌሳ ስምንት ሰዓት ጠዋት ነው፤ የሐበሻ ስምንት ሰዓት ምሳ ከተበላ በኋላ ነው። ኮንክሪት የጫነው መኪና በጠዋት መጥቶ ሆዱን ሲያዞር ዋለ፣ የሚቀበለው ሰው የለም። ሠራተኞቹ ምሳቸውን አጣጥመው ከሰዓት በኋላ ሰተት ብለው መጡ።

አለቃዋ ደወለልኝና፣ የምታስተምሯቸው ይሄንን ነው ወይ አለኝ።

ሳህራ ግን ማሽኑ ላይ አላሳበበችም። በእጃቸው ምልክት የሚታገዝ ሶማሊኛ ወዳላቸው ሐበሻ ፎርማን፣ ወደ ጋሽ ታደሰ ሄዳ ምን እንደተሳሳተች ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ስልኳን ይዛ እሳቸው ጋ ሳትደርስ አንድ ወረቀት አልለጠፈችም። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ያርማሉ፤ እንዲያውም ሳይታወቃቸው ኩራት ቢጤ ጀማምሯቸዋል።

ወሩ ሲያልቅ ተቀጠረች። አለቃዋም ስብሰባችን ላይ ተነስቶ እንዲህ አለ፦

«ማሽኑን መጠየቅ ማንም ይችላል። የሚያነበውን ሰው መጠየቅ አስተምሩልኝ።»

አዲስ ኮርስ ሆነ። ለትምህርቱ ሳይሆን ለእንግሊዝኛ ስሙ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። የመጀመሪያው እንግዳ መምህር ጋሽ ታደሰ እንዲሆኑም ተስማማን። እኔው ደወልኩላቸው፤ ያለ ማሽን፣ በገዛ አማርኛዬ። «ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቅዎታለን» አልኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ክፍሉ ሞላ። ሳህራም ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። ዘጠኝ አለፈ፣ አስር አለፈ፣ ስልካቸው አይነሳም። «የሐበሻ ቀጠሮ!» ብዬ በሆዴ አማኋቸው፤ ተማሪውም እያጉረመረመ ተበተነ። ከሰዓት በኋላ ከሳህራ ጋር በንዴት ወንበር ስደረድር በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው። ባዶውን ክፍል አዩና፣

«ቀደምኩ እንዴ?» አሉ።

ሰዓቴን አየሁ። በሀርጌሳ ሦስት፣ በሐበሻ ልክ ዘጠኝ ሰዓት።

ሳህራ አፏን በሻርፗ ሸፍና፣ «መምህር፣ ከመደወልዎ በፊት ማንን ጠየቁ?» አለችኝ።

ጋሽ ታደሰን ወደ ሰሌዳው ጋበዝኳቸውና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የኮርሱ የመጀመሪያ ተማሪ እኔ ሆንኩ።