በማንኪያ የተጀመረ ሩጫ

የሰው ሁሉ ልጅ ያድጋል፤ የአንዳንዱ ሰው ልጅ ግን ያድግና ይተረካል። ቤሩት ውስጥ አምስት ሐበሻ በተሰበሰበበት ቤት ሁሉ ይህን ትረካ ይዛ የምትመጣ አንዲት ሴት አትጠፋም። ስለ ኑሮ ውድነት ስታወሩ ልጇን ታነሳለች። ስለ ጥርስ ሕመም ስታወሩም ልጇን ታነሳለች። ለቅሶ ቤት እንኳ፣ የሟች ስም ገና ሳይጠራ፣ «የእኔ ልጅ ግን...» ብላ ስልኳን ከጉያዋ ታወጣለች። ይህችን ሴት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እኔ ግን አብሬያት እኖራለሁ።

ክብርት ወይዘሮ ሥርጉት ትባላለች። «ክብርት»ን የጨመርኩባት እኔ ነኝ፤ ሌላው ሰው «እትዬ» ይላታል። ካራንቲና በሚባለው ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተናል፤ እሷ፣ ሩቅያ፣ ሃይሚና እኔ። አራታችንም ከማዳም ቤት ወጥተን በሰዓት የምናጸዳ፣ ፓስፖርታችንን ማዳሞቻችን ጋ ትተን የቀረን ነን። ክብርቷ ከሌሎቹ ባለልጆች የምትለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልጁን አልወለደችውም። ሁለተኛ፣ ልጁ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሜልቦርን በሚባል ከተማ፣ ከመካከላችን ለአንዳችንም በማይገባን ጨዋታ ስሙ የገነነ ተጫዋች ነው።

ጃድ ይባላል። ቤሩት ዳር ያለችው የአንጠልያስ ከተማ ልጅ ነው። ከሆስፒታል በፎጣ ተጠቅልሎ ሲመጣ በሩ ላይ የተቀበለችው የሃያ አንድ ዓመቷ ሥርጉት ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመትም አዝላ፣ አጥባ፣ አስተኝታ አሳደገችው። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ወላጆቹ ሻንጣቸውን ዘግተው ልጃቸውን ይዘው አውስትራሊያ ሄዱ፤ እሷን ለሌላ ማዳም አስረከቧት። ለብዙ ዓመታት ወሬው ጠፋ። አንድ ቀን ግን የአንጠልያሱ የመናኢሽ ቂጣ ጋጋሪ ሜልቦርን ያለ ወንድሙ የላከለትን ፎቶ አሳያት። እጅጌ የሌለው አረንጓዴና ወይን ጠጅ ማሊያ፣ አጭር ቁምጣ፣ ከራስ ቅሉ ሊበር የተዘጋጀ ጆሮ።

«ያንን ጆሮ እንዴት እረሳዋለሁ?» ትላለች እስካሁን። «በእጄ ነው ያደገው!»

ይህቺ «በእጄ ነው ያደገው» የምትለዋ በቀን ከአሥር ጊዜ ያላነሰ ትሰማለች። ከዚያች ቀን ወዲህ የልጁን ታሪክ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሏ ትወጣዋለች። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ክለቦቹ ወጣቶች ሲመርጡ ዝርዝሩ ሊያልቅ ሲል ስሙ መጠራቱን፣ ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ ወንበር ማሞቁን፣ በሦስተኛው ዓመት መሀል ሜዳ ገብቶ መቅረቱን፣ ሁሉንም። «ዓይን የላቸውም እንጂ መጀመሪያ ነበር መጠራት የነበረበት» ትላለች፤ ራሷ መራጭ የነበረች ይመስል።

የጨዋታውን ሕግ እንግሊዝኛ የምትችለው ሃይሚ ሁለት ጊዜ አንብባልን ሁለቱንም ጊዜ ተስፋ ቆረጠች። ኳሱ የእንቁላል ቅርጽ አለው። ባንድ ወገን አሥራ ስምንት ሰው ይሰለፋል። በእግር ይመታል፣ በእጅ ይያዛል፣ በቡጢም ይቀባበሉታል። ዳኞቹ ማይክሮፎን ተሰክቶላቸው ስለሚሮጡ አጠገባቸው የሚባለው ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ይሰማል፤ ሃይሚ ከጨዋታው የወደደችው ይህንን ብቻ ነው። ክብርቷ ግን ባንድ ጠዋት ገባት።

«ስሙ እንግዲህ» አለችን፣ የሰሃን ጨርቋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። «ፊት ያለው እንግዳ ነው። ሳሎን ቁጭ ብሎ ምግቡ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ኋላ ያለው ናጡር ነው፤ ያኒ በር ይጠብቃል። የእኔ ልጅ የመሀል ነው። ከኩሽና አንስቶ ሳሎን ያደርሳል፤ ሳሎን የተደፋውን ለቅሞ ደግሞ ኩሽና ይመልሳል። ጎል ሲገባ ጭብጨባው ለእንግዳው ነው። ኸላስ፣ ይኸው ነው ጨዋታው!»

«እንደኛው ሠራተኛ ነው በይኛ» አለች ሩቅያ።

«እንደኛው ነው። ብቻ እሱ ሲደክመው ሰው ይቀይሩለታል።»

በአንድ ጨዋታ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል ሲባል እኛ አፋችንን ያዝን፤ እሷ አልገረማትም። «አይበላም ነበራ! የምስርና ሩዝ ሙጀደራውን በማንኪያ ይዤ ሳሎኑን፣ በረንዳውን፣ መኝታ ቤቱን ሳሳድደው ነበር የምውለው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ዘጠኝ ዓመት! አሠልጣኙ ኳሱን አስተምሮት ይሆናል፤ ሩጫውን በማንኪያ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ከሕጎቹ ሁሉ አንዱን አብልጣ ትወዳለች። አራት ምሰሶ አለ። በሁለቱ መካከለኞች መሀል የገባ ኳስ ስድስት ነጥብ ነው። ስቶ በጎን የወጣው ደግሞ ባዶ አይቀርም፤ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። ይህንን ሃይሚ ስታነብላት ክብርቷ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ለሳተም አንድ ይሰጣሉ! አያችሁ ልጄ የደረሰበትን አገር?» አንድ ብርጭቆ ሰብራ ሳምንት ሙሉ የተሰደበች ሴት ይህን ሕግ ብትወደው አይፈረድባትም። ክፍላችን ውስጥም ሕግ ሆኗል፤ ሽሮው ያረረባት ሁሉ «አንድ ነጥብ» ይባልላታል።

ይህ ሁሉ በክፍላችን ሲሆን ይቻላል። ቫን ውስጥ ነው የሚከብደው። ከሹፌሩ ኋላ ትቀመጥና ፎቶውን በትከሻው ላይ አሻግራ ፊቱ ላይ ትደቅናለች። «ሀይዳ ኢብኔ!» ልጄ ነው፣ ማለቷ ነው። ሹፌሩ ነጩን ልጅ ያያል፣ በመስታወቱ እሷን ያያል፣ ደግሞ ልጁን ያያል። «ኢብኒክ?» ይላል። «ኢብኔ!» ትላለች፣ ቅንድቧ ሳይነቃነቅ። ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። እኔ የማላውቃት መስዬ በመስኮት ባሕሩን አያለሁ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

የቀኝ ጉልበቱ ጅማት የተበጠሰ ጊዜ ነው ጉዱ። ሲወድቅ በስልኳ አይታ «እኔን! እኔን ይስበረኝ!» ብላ ስትጮህ ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን በመጥረጊያ ደበደበ። ዓመቱን ሙሉ አይጫወትም ተባለ። ክብርቷ ለኪዳነ ምሕረት ጧፍ ተሳለች። ለማንኛውም ብላ ማሮናውያኑ ካቶሊኮች ጋ ሐሪሳ ተራራ ድረስ ወጥታ ሻማ አበራች። ያም አልበቃት ብሎ ሩቅያን «በዱዓሽ አስቢልኝ» አለቻት፤ ሩቅያም አልነፈገቻትም። ማታ ማታ ደግሞ በወይራ ዘይት ጉልበት ታሻለች፤ የእሱ ጉልበት ስለራቀባት የራሷን። ልጁ ዓመት ቆይቶ ሜዳ ሲመለስ እሱ በመጠኑ ያነክስ ነበር፤ የሥርጉት ቀኝ ጉልበት ግን የአሥራ ስምንት ዓመት ኮረዳ ጉልበት ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ትረካ በበዛበት ጠርጣሪ አይጠፋም። የእኛዋ ጠርጣሪ ሃይሚ ናት።

«እትዬ፣ ይህን ያህል ካሳደግሽው አንድ አማርኛ እንኳ አያውቅም?»

«አንድም አያውቅ። ማዳሜ ከልክላኛለች። በአማርኛ ያናገርሽው ቀን አገርሽ ትገቢያለሽ ብላኛለች። እኔም ቃሌን ጠብቄያለሁ። ቦንዡር፣ መርሲ፣ ዶዶ እያልኩ፣ በሦስት ቃል ፈረንሳይኛ ልጅ አሳደግኩ።»

«ታዲያ ለምን አትጽፊለትም? ገጹ ይኸው፣ እኔ እጽፍልሻለሁ።»

«ሥራ ላይ ነው። ሰው ሥራ ላይ አይረበሽም።»

ያልጻፈችለት ለሥራው አዝና አልነበረም። መቶኛ ጨዋታውን ያደረገ ጊዜ ገባኝ። ጨዋታው አልቆ ጋዜጠኛ ጠየቀው፤ ሃይሚ ተረጎመችልን። እናቱን አመሰገነ። አባቱን አመሰገነ። አሠልጣኙን፣ ጉልበቱን ያከመውን ሐኪም፣ እጮኛውን አመሰገነ። መጨረሻ ላይ ውሻውን አመሰገነ። ከዚያ አበቃ።

«እትዬ፣ ውሻው እንኳ ተጠርቷል» አለች ሃይሚ። ክፋት አልነበራትም፤ አፏ ቀደማት እንጂ።

«ውሻውን የማይረሳ ሰው ልቡ ደህና ነው» አለች ክብርቷ፤ ተነስታም ሰሃኖቹን በሙሉ አጠበች። ያን ጠዋት እኔ አጥቤያቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት፣ ደረጃ ላይ ዘንቢል ተጋግዘን ስንወጣ፣ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። «እንዲያመሰግነኝ እኮ አይደለም። ልጅ ነው፣ ይረሳል። ብቻ ዘጠኝ ዓመት ነው። ከውስጡ ትንሽ ነገር ቀርቶ እንደሆነ ባውቅ ነው።» በቫን ውስጥ ለምን እንደምትጮህ ያኔ ነው የተረዳሁት። ማንም ካልመሰከረላት፣ ያ ዘጠኝ ዓመት የእሷ ስለመሆኑ ራሷም መጠራጠር ጀምራ ነበር።

መቶ ሃምሳኛው ጨዋታ እሑድ ሆነ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እዚህ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ክብርቷ ከጨዋታው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣለች። መብራት ስለሌለ ስልኩን በፓወር ባንክ ሰክተን ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደግፈነዋል። ልጁ እንደ ልማዱ ከኩሽና ሳሎን፣ ከሳሎን ኩሽና ይላል። ክብርቷም እንደ ልማዷ ከዳኛው እኩል ትዳኛለች።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ የተቃራኒ ቡድን ልጅ ኳስ ልይዝ ብሎ ወደ ላይ ዘለለ፤ አየር ላይ ተገለበጠና በጀርባው ወደቀ። ዳኛው እግር ሥር ነው የወደቀው። ኳሱ ወደ ሌላ በኩል ሄዷል፤ ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል። ጃድ ብቻ ቆመ። ጎንበስ ብሎ እጁን ለወደቀው ልጅ ዘረጋ፤ በዚያች ቅጽበት በዳኛው ማይክሮፎን አንድ ድምፅ መጣ።

«እኔን!»

ጥርት ብሎ ነው የተሰማው። ወፍራም የጎልማሳ ድምፅ ነው፤ አባባሉ ግን የሥርጉት ነው፤ መጀመሪያዋን ጫን፣ መጨረሻዋን ሳብ። ሩቅያ የሻይ ብርጭቆዋን አፏ ጋ እንዳደረሰች ቀረች። እኔም ከሁላችን ማን እንዳለው ለማየት ዞር አልኩ። ማንም አላለም።

የጨዋታው ተንታኞች ሳቁ። ሃይሚ መተርጎም ጀመረች፤ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ።

«አንደኛው... ይኸው ዛሬም አላት፣ ነው የሚለው። ሰው በወደቀ ቁጥር ይላታል። አሁንማ ጓደኞቹም ለምደዋታል፣ ቡድኑ ሁሉ ይላታል፣ አለ። ሌላው ምን ማለት ናት አለው። እሱ ደግሞ... ጠይቄው ነበር፤ ትርጉሟን አላውቅም፣ ልጅ ሆኜ ስወድቅ የምታነሳኝ ሴት የምትላት ናት ብሎኛል፣ አለ።»

ሁላችንም ወደ ሥርጉት ዞርን። ያቺን ቃሏን፣ በቀን አሥር ጊዜ የምንሰማትን፣ አሁን ትላለች ብለን ጠበቅን። ከሰው ሁሉ፣ ከቀን ሁሉ፣ ዛሬ ይገባታል። እሷ ግን በነጠላዋ አፏን ይዛ ነበር። እንባዋ ሳይሆን ጭንቀቷ ቀደመ።

«ማዳሜን አልዋሸኋትም» አለች። «አማርኛ አላስተማርኩትም። ሲወድቅ ጊዜ... ከአፌ አምልጦኝ ነው።»

ስልኩ ውስጥ ተንታኞቹ ወሬያቸውን ቀጥለዋል። ሃይሚ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማቻቸው፤ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ከዚያ ብድግ ብላ ስልኩን ከስኳሩ ቆርቆሮ ላይ ነጠቀች።

«ዐረብኛ ሳይሆን አይቀርም ይሉልኛል!» አለችና ሜልቦርን ድረስ የሚሰሟት ይመስል ስክሪኑ ላይ ጮኸች። «ዐረብኛ አይደለም! በእጇ ነው ያደገው! ሰማችሁ? በእጇ ነው ያደገው!»

የላይኛው ጎረቤት በመጥረጊያው ወለሉን ደበደበ። ሩቅያ በእልልታ መለሰችለት።

እኔ እንኳ ጉረኛ አይደለሁም፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ብቻ ሰኞ ጠዋት ወደ አንጠልያስ ስንሄድ ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ስልኬን አውጥቼ በትከሻው ላይ አሻገርኩለት። የቤታችን ልጅ ነው፣ አልኩት ባለኝ ዐረብኛ ሁሉ። መሀል ነው የሚጫወተው። ከኩሽና አንስቶ ሳሎን የሚያደርሰው እሱ ነው። ሹፌሩ ፎቶውን አየ፤ በመስታወቱ እኔን አየኝ። ተሳፋሪው መሳቅ ጀመረ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ቁጭ አልኩ።

ከኋላ ወንበር ክብርት ወይዘሮ ሥርጉት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«ጆሮውንም አሳዪው» አለችኝ።