የፔዶባፕቲስቱ ምስክርነት

አዲስ ቃል የተማረ ሰው አዲስ ጫማ ከገዛ ሰው ይብሳል። ባለ ጫማው ቢያንስ ሲቀመጥ እግሩን ይሰበስባል፤ ባለ ቃሉስ አፉን መቼ ይሰበስባል?

አብሮ አደጌ ዳምጤ፣ ጢሙ ሸበት ያለ ሰውዬ፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ ድረስ የመጣው የልጄን ክርስትና ሊያነሳ ነበር። ይዞልን የመጣው ስጦታ ግን «ፔዶባፕቲስት» የሚባል ቃል ነው። ከስልኩ ላይ የለቀመው ይመስለኛል። ቃሉ የግሪክ ነው አለን፤ «ፔዶ» ልጅ፣ «ባፕቲስት» ደግሞ ውሃ ውስጥ ከመንከር የመጣ አጥማቂ፤ ሲገጣጠም ሕፃናት ይጠመቁ ባይ ማለት ነው። ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን ስታስጠምቅ ለኖረች ላስታ ይህን መንገር፣ ለቀባሪው አረዱት አይደለም እንዴ?

በትርጉሙ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ሕፃን ምን አውቆ ያምናል፣ እምነት በገዛ አፍ ሲመሰክሩት ነው፣ ሰው ለሰው አይመልስም እያለ እንግዳውን ሁሉ አሰለቸ። ከልቡ አምኖበት ቢሆን ባከበርኩት፤ እሱ ግን የሚከራከረው ማወቁ እንዲታወቅለት ብቻ ነው። ባለቤቴ ግን ፈራች። ልጃችን ከተወለደ ጀምሮ ደረቱ ደካማ ነው፤ ሳይጠመቅ አንድ ነገር ቢሆንስ እያለች እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ሰውዬው እዚያ ደርሶ ክርስትና አላነሳም ቢልስ?

በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ዳምጤ ነጠላውን አጣፍቶ ገና ከመግባቱ ቄሱን እርስዎ እኮ ፔዶባፕቲስት ነዎት አላቸው። አባም እሳቸው የኩልመስክ ሰው መሆናቸውን በትሕትና ነግረውት ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

እንደ ሥርዓታችን የክርስትና አባት በሕፃኑ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይመሰክራል። ዳምጤ ልጄን ታቅፎ ዞረ። ሰይጣንን እንደምንም ካደው። ምስክርነቱ ላይ ሲደርስ ግን ያ ግሪክ ሲያፈልቅ የሰነበተ አፍ ዝም አለ። ለካስ ጸሎተ ሃይማኖትን ረስቶት ኖሯል። አባ ጠበቁት። ልጄ ያለቅሳል፣ ባለቤቴ ከንፈሯን ነክሳለች፣ እኔ በንዴት እንጨረጨራለሁ፤ እሱ ላቡን ይጠርጋል።

ይኼኔ የዳምጤ እናት ከሴቶቹ መካከል ወጣ ብለው ለቄሱ እጅ ነሱ። «ይለፉት አባ፣ ልጅ ነው» አሉ፤ «እኔ እመልስለታለሁ።»