መሳት ያቃተኝ የዳርት ፍጻሜ

ትናንት ሌሊት፣ ለፍጻሜው እጄ ይረፍ ብዬ በጊዜ ተኝቼ፣ ከሥራ የባሰ የሚያደክም ሕልም ሳይ አደርኩ።

የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። በሠራተኞች የስፖርት ውድድር ለፋብሪካችን ዳርት እጫወታለሁ፤ ትንንሽ ቀስቶችን ወደ ክብ ሰሌዳ መሐል እወረውራለሁ። በየዓመቱ ለፍጻሜ እደርሳለሁ፤ በየዓመቱ የሳሙና ፋብሪካው ነስሩ ያሸንፈኛል። ሰኔ ላይ ጡረታ እወጣለሁና የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው። አንድ ቀን እንኳ አንደኛ ሳልባል ከዚያ ግቢ መውጣቴ ያንገበግበኛል።

በሕልሜ ወደ ትልቅ አዳራሽ እየሮጥኩ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ የሰባ ሙክት ነበር። ኪሴን በረበረ፣ ካልሲዬን አስወለቀኝ፣ ቢላ አለመያዜን ካረጋገጠ በኋላ አሳለፈኝ። ውስጥ ተመልካቹ ማልያ ለብሶ ያሟሙቃል። ተጫዋቾቹ በኮታቸው አንገት ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ክራባት ያሰሩ የዳርት ሰሌዳዎች ደግሞ መስመር ላይ ቆመው ትንንሾቹን ቀስቶች ይወረውሩባቸዋል።

«አያምህም?» አልኩት ከተሰቀሉት አንዱን።

«የሚያመኝ ሲስቱኝ ነው» አለኝ።

አንድ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ሰሌዳ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ተቀመጥ ብሎ ወንበሩን ሳበብኝ።

«የፕሮፌሽናል ዳርት ሊጋችንን ታሪክ ልንገርህ» አለ። «ሊጉ የተመሠረተው በሚቀጥለው ዓመት ነው።»

«እንዴት በሚቀጥለው ዓመት?»

«አትጣደፍ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ድሮ ሰው ሁሉ አንደኛ ነበር አለኝ። በየቤቱ ዋንጫ ሞልቶ ዶሮ ውኃ ትጠጣበት ነበር። ችግሩ፣ እንኳን ደስ ያለህ የሚል ሰው ጠፋ። ስለዚህ አንድ ተሸናፊ ለመፈለግ ሲባል ሊጉ ተቋቋመ። እኛ ሰዎች ዳርት ስንጫወት ከአምስት መቶ አንድ ነጥብ ተነስተን እየቀነስን ዜሮ ስንደርስ እናበቃለን፤ ሰሌዳዎቹ ግን ከዜሮ ተነስተው ወደ ላይ ይቆጥራሉ። ቁጥር ደግሞ ማለቂያ የለውም። የመጀመሪያው ግጥሚያ እስካሁን አላለቀም ብሎ ጥግ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ሰዎች አሳየኝ። ጢማቸው ጉልበታቸው ደርሷል።

«ማን እየመራ ነው?» አልኩ።

«ሁለቱም። ለዚህ እኮ ነው የማይታረቁት።»

መሄድ ፈለግሁ፤ እግሬ ግን ያለ እኔ ትእዛዝ ወደ መድረኩ ይነጉዳል። ሰሌዳው እየተከተለኝ፣ «የዘንድሮው ፍጻሜ ያንተና የነስሩ ነው» አለ። «የመጨረሻዋን ቀስት የሳተ አንደኛ ነው፤ ስሙ በታሪካችን ራስ ላይ ይጻፋል።»

ደስታዬን አልደብቅም። ለመሳትማ ማን ብሎኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ዒላማ ስስት ነው የኖርኩት።

የቡድናችን አሰልጣኝ ጋሽ ተረፈ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ቦርሳ አንግተው ከሕዝቡ መሐል ወጡ። እውነተኛው ጋሽ ተረፈ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። «አደራህን፣ እንዳትመታ!» አሉኝ።

አሮጌው ሰሌዳ ለክብሬ ሲል ራሱ ግድግዳ ላይ ወጣ። ነስሩ ቀደመኝ። ለመሳት ጣሪያውን አነጣጥሮ ወረወረ፤ ቀስቷ ከጣሪያው ተንሸራታ መሐሉን ወጋችው። ነስሩ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ አላዘንኩለትም።

ተራዬ ደረሰ፤ የመወርወሪያው መስመር ግን አላስቆም አለኝ። ስቀርበው ይሸሻል። ተከትዬው ታክሲ ውስጥ ገባሁ፣ ከታክሲው ወርጄ የፋብሪካችን ክር ማጠንጠኛ ሥር አገኘሁት፣ ከዚያ እንደገና ወደ አዳራሹ አባረርኩት። ላቤ ጫማዬ ውስጥ ይንቦጫረቃል። በመጨረሻ ረገጥኩትና ጀርባዬን ለሰሌዳው ሰጥቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቀስቷን በመስኮት ወረወርኳት።

ጋሽ ተረፈ ቦርሳቸውን አቀፉ። አንደኛ ነኝ ብዬ እጄን ላነሳ ስል በሩ ተንኳኳ።

ቀስቷ ነበረች። በሩ ላይ እግሯን ጠረገች። «ይቅርታ፣ አካባቢው አዲስ ሆኖብኝ ነው» አለች። ከዚያ ሰውን እየታከከች፣ እያንዳንዱን ይቅርታ እየጠየቀች አለፈችና የሰሌዳው እንብርት ላይ ገብታ ቁጭ አለች።

«ምን ነካህ?» ብለው ጮኹ ጋሽ ተረፈ። «ዕድሜህን ሙሉ የምትችለውን!»

«እኔ ምን ላድርግ? እሷ ናት እኮ!»

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ያን መሐል ስንት ዓመት ለምኜዋለሁ፤ የመጣልኝ ባልፈለግሁት ቀን ነው። ሰሌዳው አፉን ከፍቶ የሆነ ነገር ሊለኝ ሲል እንደ ስልክ ጮኸ።

ስልክ ነበር። ፀሐይዋ አልጋዬ ላይ ወጥታለች። የደወሉት እውነተኛው ጋሽ ተረፈ ናቸው።

«መጣሁ! ሱሪዬን እያጠለቅሁ ነው!» አልኩ ገና ሳይናገሩ።

«ተወው፣ አትምጣ። አልቋል።»

«ነስሩ ወሰደው?»

«ነስሩም አልወሰደውም። የክብር እንግዳው ለመክፈቻ ያህል አንድ ቀስት እንዲወረውሩ ተጋበዙ። እንደ አጋጣሚ መሐሉን መቱት።»

«ጎሽ፤ ታዲያስ?»

«ታዲያማ ዋንጫውን አንስተው ፎቶ ተነሱ፤ ይዘውት መኪናቸው ውስጥ ገቡ።»

«ለመክፈቻ የተወረወረ እኮ ነው፣ ጋሽ ተረፈ! የሚናገር ሰው ጠፋ?»

«ነስሩ ተናገረ። ‹ጨዋታው ገና አልተጀመረም› አለ። በሥነ ሥርዓት ጉድለት ከውድድሩ አሰናበቱት።»

«እኔስ?»

ጋሽ ተረፈ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተማ ተኝተህ ስለነበር ሁለተኛ ወጥተሃል። እንኳን ደስ ያለህ።»