ስለ ሚስማሩ ጠርሙስ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቅዳሜ ከቀኑ 9፡10 ሰዓት፣ እኔ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ።

የተገኙ፦ ትልቁ ልጄ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሰብሳቢ (ራሱን የመረጠ)፤ እህቴ፣ አባል፤ ሴት ልጄ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ተከሳሽ፤ እኔ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ጸሐፊ። ከአራት አራታችንም ስለተገኘን ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ወንበር ግን ሦስት ስለሆነ ተከሳሿ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ሻንጣው ለምን እንደተዘጋጀ ተጠይቃ፣ «ጠርሙሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ» አለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር የምትኖር እሷ ብቻ መሆኗ ይያዝልኝ።

አጀንዳ 1፦ ሽታው። ተከሳሿ የዛገ ሚስማር ኮምጣጤ ውስጥ አሥር ቀን ዘፍዝፋ ወፍራም ሻይ እንደጨመረችበት አመነች። «የጽሕፈት ቀለም ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል» ስትልም አስረዳች። እህቴ፣ «እኔም ፀሐይ ሲያገኘኝ እጠቁራለሁ፤ ማን ሳይንቲስት አለኝ?» ብላ፣ አየር እንዳይገባ መስኮቱ ለዘለዓለም እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበች። ከረጅም ውይይት በኋላ ጸደቀ። መስታወቱ ከተሰበረ ዓመት እንዳለፈው ባስታውሳቸው፣ «ጸሐፊ ይጻፍ እንጂ አያውራ» ተባልኩ።

አጀንዳ 2፦ የሰብሳቢው ነጭ ሸሚዝ። ሰብሳቢው ከጠርሙሱ የተረጨበትን ጥቁር ነጠብጣብ እያሳየ፣ «ሦስቴ ታጥቦ አለቀቀም» አለ። ተከሳሿ፣ «ሦስቴም ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ወንድም ጋሼ» አለች። ይህ ከአጀንዳ ውጪ ነው ተባለ።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ አለቀ። ሲያወሩ ከዋሉት አንዳቸውም እስክሪብቶ የላቸውም። ተከሳሿ ጠርሙሱንና አንድ የክብሪት እንጨት ገፋ አደረገችልኝ። ከዚህ በታች ያለው በዚያ ዕጣቢ የተጻፈ ነው።

ውሳኔ፦ ጠርሙሱ ዛሬውኑ ይደፋ። ጽሑፉ ውሃ መስሎ ስለታየኝ፣ ይህን ማንም አያነበውም ብዬ በደስታ ፈረምኩ።

አጀንዳ 3፦ ንባብ። ሰብሳቢው ውሳኔው ይነበብ አለ። ወረቀቱን ባነሳ ጽሑፉ ጠቁሮ ከእስክሪብቶው በልጧል። በምራቄ አሸሁት፤ አልለቅም አለ። እህቴ፣ «ሰርዘዋ» አለች። «በምን?» አልኳት። ወደ ጠርሙሱ ልትጠቁም እጇን አንሥታ መልሳ አወረደችው።

ጸሐፊው (እኔ) ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ «ይህ ነገር ቆሻሻ ከሆነ በቆሻሻ የተጻፈ ውሳኔ አይጸናም፤ ቀለም ከሆነ ደግሞ ቀለም አይደፋም» አለ። ሰብሳቢው፣ ሹፌር ሆኖ ሳለ፣ የኋላ ማርሹን ፈልጎ አጣው።

ስለዚህ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። መስኮቱ እንደተከፈተ ይቆይ። ሸሚዙ ጠርሙሱ ውስጥ ባለው ይነከርና አንደኛውን ይጥቆር።

ስብሰባው በ10፡25 ተበተነ። ተከሳሿ ሻንጣዋን ወደ ክፍሏ መልሳ ሻይ ጣደች። ለእኛ ይሁን ለጠርሙሱ አልጠየቅኋትም።